አሥራ አምስተኛው መስኮት

«ሥራ የላትም፤ ቤት ነው የምትውለው። ክፍሉን በፈለጉት ሰዓት መጥተው ማየት ይችላሉ።»

ይህን ያለችው ታላቅ እህቷ ናት። ድምፅዋ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚወራ ነገር ድፍንፍን ብሎ ነው የመጣው፤ ቃሉ ግን አንድም አልጎደለም። ሚጢ ጣቶቿን ከላፕቶፑ ላይ ሳታነሣ ጆሮዋን ብቻ ወደ ግድግዳው አዘነበለች። ሚጢ የቤት ስሟ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ስትቆም አናቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ስሙ ግን በጨቅላነቷ ተጣብቆባት እስከ ዛሬ ሊላቀቃት አልቻለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጠረጴዛዋ ላይ አራት ማዕዘን ሠርቶ ተኝቷል። ውጭ፣ ጫፉ የተቆረጠ ዛፍ አለ፤ ከዛፉ ሥር ደግሞ ጎማ የሌለው አሮጌ ታክሲ፣ እሷ ልጅ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው እንደቆመ፣ አንድ ቀን ድንገት ተነሥቶ የሚሄድ ይመስል መንገድ መንገዱን ያያል።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። «ይኸውልዎት» አለች እህቷ፣ ክፍሉን ትሁን ሚጢን የምታሳየው ሳይለይ። ከኋላዋ ጥቁር ቦርሳ ያንጠለጠለ ደልደል ያለ ሰውዬ ገባ። መጀመሪያ መስኮቱን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን፣ መጨረሻ ላይ ሚጢን አየ፤ እሷን ያያት ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ጋር ደምሮ ነው። «ፀሐይ ይገባል እንዴ?» ሲል ጠየቀ፣ ፀሐዩ እግሩ ሥር ተኝቶ እያለ። ይገባል ተባለ። በወር አራት ሺህ አልበዛም ወይ ሲል፣ «ከነመስኮቱ ነው እኮ!» አለችው እህቷ፤ ሌላ ቦታ መስኮት ለብቻው የሚሸጥ ይመስል። ሰውዬው ጥቂት አሰበና፣ ዛሬ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቀብዱን ይዞ እንደሚመለስ ተናግሮ ወጣ። ሚጢ ክፍሏ ሊከራይ እንደሆነ የሰማችው እንግዲህ ያኔ ነው፣ ከማታውቀው ሰው ፊት፣ እንደ እንግዳ።

«እታለም፣ እኔ ሥራ አለኝ እኮ» አለች።

«ሥራማ ሰው ወጥቶ ይሠራል፣ ሠርቶ ይገባል። አንቺ የት ወጥተሽ የት ገባሽ? ከአልጋሽ ወደ ወንበርሽ!» እህቷ የኮቷን ቁልፎች እየቆለፈች ነበር፤ ለመሥሪያ ቤት ረፍዶባታል። «ሰኞ እኛ ጋ እንግዳ መቀበያ ላይ ትጀምሪያለሽ። ለአለቃዬ ተናግሬልሻለሁ። ከኔ ጋር ትተኛለሽ፣ ከኔ ጋር ትወጫለሽ፣ ከኔ ጋር ትገቢያለሽ። አለቀ።»

በክፋት አይደለም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። እናታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ የቤቱን ቀዳዳ ሁሉ ስትደፍን የኖረችው ትልቋ ናት። በጠዋት ትወጣለች፣ ማምሻውን ዳቦ በፌስታል አንጠልጥላ ትገባለች፣ የኋላዋን ክፍል በር ዘግታ ትተኛለች። ሚጢ ያቺን ክፍል ገብታ ካየቻት ስንት ጊዜዋ! ለእህትየው ሥራ ማለት ፊርማ ነው፣ አለቃ ነው፣ ደረጃ ላይ የሚሰማ የጫማ ድምፅ ነው። ሚጢ ደግሞ ሥራዋን ለሰው ማስረዳት አይሆንላትም። ለነጋዴዎች ድረ ገጽ ነው የምትሠራው፤ አለቃም ቢሮም የላትም፣ ሥራውን ከየሱቁ ራሷ ተነጋግራ ትቀበላለች። ፊቱን ብቻ የሚሠሩ አሉ፤ ቀለሙን፣ ሥዕሉን፣ ሰው የሚያየውን። ጓዳውን ብቻ የሚሠሩም አሉ፤ ትዕዛዝ የሚገባበትን፣ ዕቃ የሚመዘገብበትን፣ ማንም የማያየውን። እሷ ፊቱንም ጓዳውንም የምትሠራው ብቻዋን ነው፤ ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ ሰቅላ እንደምታስረክብ ልብስ ሰፊ። ይህን ሁሉ ግን አንዲት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ስለሆነ የምታደርገው፣ ከበሩ ቆሞ ለሚያያት ሰው ስታንቀላፋ የዋለች ነው የምትመስለው።

የዛሬው ቀን ደግሞ እንደሌላው አልነበረም። ሦስት ሰዓት ላይ የአንዲት መጋረጃ ቤት ድረ ገጽ ለሕዝብ ይለቀቃል። ባለቤቲቱ፣ «ይሄ ነገርሽ ሰው ካስደወለልኝ፣ የወንድሞቼን የሁለቱንም ሱቅ ለአንቺ ነው የምሰጥሽ። ከዚያ በኋላ በየወሩ የምትንከባከቢውም አንቺ ነሽ» ብላታለች። ካላስደወለስ? ያንን ባለቤቲቱ አልተናገረችም፤ መቀሷን ነው ያንቀጫቀጨችው። ይህ ከሆነላት ሚጢ ማታ እህቷ ፊት ቆማ፣ ይኸው ሥራዬ፣ ይኸው ያሠሩኝ ሰዎች፣ ክፍሌን ተዪልኝ ማለት ትችላለች። ካልሆነላት ግን ሰኞ እንግዳ መቀበያ ናት።

ሚጢ አንድ ልማድ አላት። ሰዎች ስልካቸውን፣ አድራሻቸውን፣ ፎቷቸውን ቶሎ አይሰጧትም፤ ነገ ነገ ይላሉ። ሌላው ባለሙያ ባዶውን ቦታ በዜሮ ይሞላዋል። እሷ ግን ዜሮ የተደረደረበት ገጽ ሰው ያልገባበት ቤት ይመስላታልና፣ ለጊዜው ከቤቷ ያለውን ነገር ታስቀምጥበታለች። የፎቶው ቦታ ላይ የመስኮቷን ዛፍ፣ የቀለሙ ቦታ ላይ የእናቷን ሻሽ ቀለም፣ የስልኩ ቦታ ላይ የቤታቸውን የመስመር ስልክ። ያንን ቁጥር እናቷ ናቸው፣ ልጄ ብትጠፋ ለሰው ትንገር ብለው፣ በዜማ ያስያዟት፤ እስከ ዛሬ ሲዘፈን እንጂ ሲቆጠር አይመጣላትም። ኋላ እውነተኛው ሲመጣ የሷን አንድ በአንድ እያነሣች በዚያ ትተካለች። የመጋረጃ ቤቷም ቁጥር የመጣው ትናንት ነው፤ ተክታዋለች፣ በዓይኗም አይታዋለች።

ሦስት ሰዓት ላይ ለቀቀችው። ምንም ድምፅ የለውም፤ የወረቀት ጀልባ ውሃ ላይ እንደማኖር ነው። ከዚያ ኮቷን ለብሳ ወደ ሳሎን ወጣች።

አባታቸው ከስልኩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። እሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ስልከኛ ነበሩ። ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አጥልቀው፣ በእያንዳንዱ እጃቸው ገመድ ይዘው፣ የከተማውን ሰው እርስ በርሱ ሲያገናኙ ኖረዋል። ራሱ የሚያገናኝ ማዞሪያ መጥቶ ሥራቸውን ሲወስድ ጡረታ ወጡ፤ ሚስታቸው ሲሞቱ ደግሞ ንግግራቸው አብሮ ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፋቸው የሚሰማው «እ» ብቻ ነው። ይብሉ ሲባሉ «እ»፣ ዝናብ መጣ ሲባሉ «እ»። የመስመር ስልኩ እንኳ፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጥ በቀር ሥራ ፈትቷል። ትልቋ ልጃቸው እናስቆርጠው ስትል ግን ራሳቸውን ነቅንቀው እምቢ ብለዋል።

«አባዬ፣ መጋረጃ ቤቷ ዛሬ ተከፈተች። ወደዚያው መሄዴ ነው» አለች ሚጢ።

«እ» አሉ።

አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ካፊያ ጀምሮ ነበር። መስታወቱ በሰው ትንፋሽ ደብዝዞ፣ ከተማው ከነመብራቱ፣ ከነጃንጥላው፣ ከነአላፊ አግዳሚው ቀልጦ ሲፈስ ይታያል። ከፎቆቹ ላይ መስኮቶች ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት፣ አንዳንዱ ካርቶን የተደገፈበት፣ አንዱ ላይ ድመት፣ አንዱ ላይ ማንም የማያጠጣው አበባ። ከዚያ ሁሉ መስኮት ኋላ ስልኩን ይዞ እሷ የሠራችውን ገጽ የሚያይ ሰው ይኖር ይሆን? ይኖራል ብላ ደብዛዛውን መስታወት በእጅጌዋ ጠረገች። ሊያልፋት ሲል ነው መውረጃዋ መሆኑን ያወቀችው።

መጋረጃ ቤቱ ውስጥ ጨርቆቹ ከጣሪያ እስከ ወለል ተንጠልጥለዋል፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም አንድ ላይ ይተነፍሳሉ። በመካከላቸው ሲሄዱ ሰማያዊው ጉንጭ ይነካል፣ ስሱ ነጩ ትከሻ ላይ ያርፍና ይንሸራተታል፤ ሰው የት እንደገባ ይጠፋዋል። መጨረሻ ላይ ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ባለቤቲቱ። ሰፊዎቿ በሌለችበት «እትዬ መቀስ» ይሏታል። ጨርቅ ትቆርጣለች፣ ዋጋ ትቆርጣለች፣ ወሬ ትቆርጣለች። ስልክ ስታነሣ፣ «ወርድ? ቁመት? ቀለም? በቃ!» ብላ ትዘጋለች፤ ግማሹ ደንበኛ ዳግመኛ አይደውልም። ዛሬ ስልኳን ጠረጴዛው መሀል፣ እንደሚፈለፈል እንቁላል ጨርቅ አንጥፋ አስቀምጣዋለች።

«ለደንበኞቼ ሁሉ መልእክት ልኬላቸዋለሁ፤ ግቡና እዩ ብያለሁ። በይ ተቀመጪ፣ አብረን እንጠብቅ» አለቻት።

ጠበቁ። አራት ሰዓት ሆነ። ፎቅ ላይ የስፌት መኪናዎቹ ይርገበገባሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይርገበገባሉ። አምስት ሰዓት ሆነ። ሻይ መጣ፤ አንዷ ሰፊ ስለ ጥርሷ አወራች፣ ሌላዋ የሽንኩርት ዋጋ ስንት እንደገባ ተናገረች፣ ሁሉም ግን በጎን ዓይናቸው ስልኩን ነው የሚያዩት። ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ! እትዬ መቀስ ዘላ አነሣችው። ታናሽ ወንድሟ ነው። «ሰው ደወለልሽ?» አላት። «አንተ ደወልክ! ዝጋ፣ መስመር ትይዛለህ!» ብላ ጮኸችበት። ሰፊዎቹ ጨርቅ ውስጥ ገብተው ሳቁ፤ ሚጢ ግን አልሳቀችም። ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ስምንት ሰዓት አለፈ። የእትዬ መቀስ መቀስ ከማንም ጨርቅ ጋር ሳይገናኝ ባዶውን ይከፈት ይዘጋ ጀመር።

«አንቺ ልጅ» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ፤ ቀስታዋ ከጩኸቷ ይከብዳል። «ይሄ ነገር በእውነት አለ? ወይስ እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናየው?»

ሚጢ ላፕቶፗን ከፈተች። ጓዳውን አየች፤ ሁሉም በቦታው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው ገብቷል። «ይደውሉልን» የምትለዋን አረንጓዴ ቁልፍ አሥራ አራት ሰው ነክቷታል። አሥራ አራት! ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የት ገባ? አሥራ አራት ሰው ደውሎ አንድ ስልክ እንዴት አይጮህም? የምታውቀውን ሁሉ ፈትሻ ስታበቃ፣ ከመጀመሪያው ልታደርገው የሚገባትን አደረገች፤ የራሷን ሞባይል አውጥታ፣ እንደ አንድ ደንበኛ ገጹን ከፍታ፣ አረንጓዴዋን ቁልፍ ነካች።

ጠራ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የእትዬ መቀስ ስልክ ግን ትንፍሽ አላለም። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው አነሣው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ መጋረጃ ቤት ነው። ምን ልታዘዝ?»

ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ ጥርት ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል አስቀምጦ የሚያልፍ። ሚጢ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፣ ግን ከየት እንደምታውቀው ለጥቂት ጊዜ ጠፋት፤ በሕልም የሚያዩት ቤት የራስ ቤት ሆኖ ሳለ እንደሚጠፋው። ከዚያ ገባት። የልጅነቷ ነው። ማዞሪያ ክፍሉ በር ላይ እናቷን ይዛ ስትጠብቅ ከውስጥ ትሰማው የነበረው። አባቷ።

እኔ ነኝ ልትል ነበር፤ አፏ ግን እምቢ አላት። «መጋረጃ… መጋረጃ ፈልጌ ነበር» አለች።

«ጥሩ። ስንት መስኮት አለዎት?»

«አንድ።»

«ወርዱንና ቁመቱን ለክተዋል? ካልለኩ አይቸኩሉ፣ ሜትር ይፈልጉ፤ እኔ እጠብቃለሁ።» የወረቀት ድምፅ ተሰማ። «መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?»

«እሱን ለምን ይጠይቃሉ?»

«ፀሐይ የሚያይ መስኮትና ግድግዳ የሚያይ መስኮት አንድ ጨርቅ አይለብሱም፣ የኔ እመቤት።»

ሚጢ ዓይኗን ጨፈነች። «መንገድ ነው የሚያየው። አንድ ዛፍ አለ፤ ጫፉ ተቆርጧል። ከዛፉ ሥር ጎማ የሌለው ታክሲ ቆሟል።»

የወረቀቱ ድምፅ ቆመ። ፎቅ ላይ ያሉት የስፌት መኪናዎች እንኳ አብረው የቆሙ መሰላት።

«እሱን መስኮት አውቀዋለሁ» አሉ አባቷ። «ወርዱ መቶ ሠላሳ፣ ቁመቱ መቶ አርባ አምስት ነው። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«በይ ዝጊ፤ ሰው እየደወለ ይሆናል።» ዘጉት።

እትዬ መቀስ ጆሮዋን ከሞባይሉ አጠገብ አድርጋ ሁሉንም ሰምታለች። «ማነው ይሄ ሰውዬ? ስልኬን ለማን ነው የሰጠሽብኝ?» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ። ሚጢ አልዋሸችም። ቁጥሩ ሁለት ቦታ እንደሚጻፍ ነገረቻት፤ አንዱ ላይ ላዩን ሰው የሚያነበው፣ አንዱ ደግሞ ከሥር፣ ቁልፉ ሲነካ ስልኩን የሚያስጠራው። የላዩን ስትቀይር የሥሩን ረስታለች። በላፕቶፕ ስለሆነ ያየችው፣ ዓይኗ የላዩን አይቶ ረክቶ አለፈ። ከሥር የቀረው የቤታቸው ቁጥር ነው፤ የሚያነሡት ደግሞ አባቷ ናቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» አለች፤ ሰኞና እንግዳ መቀበያው በዓይኗ ውል እያለባት።

እትዬ መቀስ ሞባይሉን ከእጇ ነጠቀችና ራሷ ቁልፏን ነካች። «የመጋረጃ ቤቱ ባለቤት ነኝ!» አለች ስልኩ እንደተነሣ፤ ለመቆጣት ተዘጋጅታ፣ አየር ስባ። ግን የምትቆጣበት ቦታ አላገኘችም። ከወዲያ በኩል ያሉት ሰው፣ ሲጠብቋት እንደዋሉ ሁሉ፣ አሥራ አራቱን ትዕዛዝ በተራ ያነቡላት ጀመር። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ ወርድ፣ ቁመት፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ። እትዬ መቀስ ጠመኔዋን አነሣች፤ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ጥቁር ጨርቅ ላይ ትጽፍ ገባች። የጥርስ ሐኪም፣ ሦስት መስኮት፣ ታካሚው ተጋድሞ ስለሆነ የሚያየው ሰማይ ብቻ ነው፣ ዓይን የማይወጋ ይሁን። አዲስ ተጋቢዎች፣ አንድ መስኮት፣ ፊት ለፊታቸው የሙሽሪት አክስት ቤት ነው፣ ወፍራም ይሁን። አንዲት ባልቴት፣ ሁለት መስኮት፣ ልጃቸው ከሥራ ሲመጣ ከሩቅ ማየት ይፈልጋሉ፣ የሚገለጥ ይሁን። እትዬ መቀስ አንድ ጊዜ እንኳ «በቃ» አላለችም። ሲያልቅ ሞባይሉን መለሰች፣ ጨርቁን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። «ቁጥሩን አስተካክዪ» አለች። «ስለ ሌላው እኔ ራሴ እደውላለሁ።»

አንድ መስመር ነው፤ ከደቂቃ አልፈጀባትም። ግን ጣቷ የመጨረሻውን ቁልፍ ስትጫን፣ ያንን ጥርት ያለ ድምፅ በገዛ እጇ መልሳ የደፈነችው መሰላት።

ወደ ቤት ስትመለስ ካፊያው አባርቶ ነበር። ሳሎን ስትገባ አባቷ እንደወትሮው ከስልኩ አጠገብ ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ተገልጧል፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነው፣ ጭናቸው ላይ ደብተር፣ ደብተሩ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር። ይህ ሜትር የእናቷ ነው፤ ከየትኛው መሳቢያ እንዳወጡት እንጃ።

«ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ፀጥ አለ» አሉ። «አስተካከልሽው ማለት ነው።»

ሚጢ ባለችበት ቆመች። አውቶቡሱ ውስጥ እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ ሥራ የሰጠኋቸው መስሏቸው ቢሆንስ እያለች ስትጨነቅ ነው የመጣችው። «አባዬ፣ ስህተት መሆኑን መቼ አወቁት?»

«በመጀመሪያው ጥሪ ነዋ!» ቆጣ አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው የተሳሳተ ቁጥር አያውቅም ልትዪኝ ነው? ስልክ ቤት እያለን መስመር ይቀላቀል ነበር። ሐኪም ቤት የፈለገው ዳቦ ቤት ይገባል። ያኔ ተሳስተዋል ብሎ መዝጋት ክልክል ነው። ሰውዬውን ትይዘዋለህ። ስሙን ትጽፋለህ፣ ጉዳዩን ትጽፋለህ፤ መስመሩ ሲጠገን አንተው ታገናኘዋለህ። እኔም ያዝኳቸው። የመጀመሪያዋን ሴትዮ ተሳስተዋል ብላት መልሳ ትደውላለች? አትደውልም። ያንቺ ሥራ ተበላሸ ማለት ነው።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። «ሥራ እንዳለኝ ያውቁ ነበር?» አለች፣ ድምፅዋ አንሶ።

«ግድግዳው ቀጭን ነው» አሉ አባቷ። «ጠዋት የሰማሽውን ሰምቻለሁ። ሌላ ቀንም እሰማለሁ፤ ስትሠሪ ለራስሽ ታወሪያለሽ። የመጋረጃውን ዓይነት ሁሉ ጮክ ብለሽ ስታነቢ አይደለም እንዴ በቃሌ የያዝኩት? ሰው ሥራ ላይ ሲሆን የሚያሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ልጄ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትልቋ እህት ዳቦዋን አንጠልጥላ ገባች። ጫማዋን እያወለቀች፣ «ሰውዬው መጣ?» አለች። አልመጣም። አባቷ ሜትር ዘርግተው ደብተር ይዘው ስታይ ግራ ገባት፤ የሚያማቸው ነገር ያለ መስሏት ግንባራቸውን ዳሰሰች። እሳቸው ግን ምንም ሳይሉ ደብተሩን ሰጧት። እንደቆመች ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ በከንፈሯ ጫፍ፣ እንደ ቀልድ፣ «ደግሞ ምን መጣ! ወዴት ያያል ይላል እኮ!» እያለች። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ተቀመጠች። አሥራ አራተኛውን ጨርሳ ገጹን ስትገልጥ አሥራ አምስተኛ አለ። ለዚህኛው ማንም አልደወለም። ሚጢ ከትከሻዋ በላይ አነበበችው፤ የስልከኛ ጽሕፈት ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ሳይጣደፍ የተጻፈ።

«አሥራ አምስተኛ። የቤታችን የኋላ ክፍል። መስኮት አንድ። ወርድ ስድሳ፣ ቁመት ሰማንያ፤ ራሴ ለካሁት። የጎረቤት ግድግዳ ያያል። መጋረጃ የለውም፤ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። የምትተኛበት ታላቅ ልጄ ናት፤ እዚያ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ። ስስ ይሁን፣ ያለውን ትንሽ ብርሃን እንዳይከለክላት።»

ትልቋ ደብተሩን አልዘጋችውም። አንድ ጊዜ ብቻ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። ሚጢም ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ የተኛው ፀሐይ ትዝ አላት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሷ ብቻ የነበረው። የእህቷን ትከሻ ነካች፤ እህቷም እጇን አልገፋችባትም።

ስልኩ ጮኸ።

አባታቸው ቀና ብለው አነሡት። «ጤና ይስጥልኝ… አለሁ፣ እኔው ነኝ… እ… እ…» ሁለቱ እህቶች ተያዩ። «ባልቴቷ ናቸው? ምን አሉ?… ከዚያ ሰውዬ ጋር ካልሆነ አላወራም አሉ?» የአባትየው ከንፈር በአንድ በኩል ከፍ አለ። «ጥሪውን ወደዚህ ማዞርማ ይቻላል፤ ጠዋት ጠዋት እኔ አለሁ። የወንድሞችዎንም ጉዳይ ቢሆን ከባለሙያዋ ጋር ይነጋገሩ። ቢሮዋ እዚሁ ነው። አንድ ጊዜ ይታገሱኝ፤ አገናኝዎታለሁ።» የስልኩን እጀታ ለሚጢ ዘረጉላት።

ይህን ጊዜ የውጭው በር ተንኳኳ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ባለ ጥቁር ቦርሳው ሰውዬ ቀጠሮ አክባሪ ነው። ትልቋ ተነሣች። ሚጢን አየቻት፣ አባቷን አየቻቸው፣ ደብተሩን ብብቷ ውስጥ እንደያዘች ወጣች። ሚጢ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እትዬ መቀስን «አቤት፣ እትዬ» እያለች፣ ሌላው ጆሮዋ ግን ግድግዳው ላይ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክፍሉ ተይዟል» አለች የእህቷ ድምፅ።

«እንዴ! ጠዋት አልነበረም እንዴ? ማን ያዘው?»

ውጭ፣ ዛፉ ሥር፣ ሊጠልቅ ያለው ፀሐይ የአሮጌውን ታክሲ መስታወት ለአፍታ አበራው።

«እህቴ ናት» አለች ትልቋ፤ አሁን ድምፅዋ ግድግዳ ያለፈ አይመስልም። «ሥራ አላት። ቤት ነው የምትሠራው።»